ስለ መርከብ ሞዴል ጠይቁኝ፦ ስኬል ሳትይዙ ግን አትምጡ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ስለ መርከብ ሞዴል ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የየትኛዋ መርከብ እንደሆነና ስኬሉን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛዋ መርከብ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ መጻፍ እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀማሪ ነኝ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የቷን መርከብ? በምን ስኬል? ከእንጨት ነው ከፕላስቲክ? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ በ1፡200 ልሠራለት አስቤያለሁ። ፕላን ግን አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እሰይ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። በ«ኢትዮጵያ» ስም ስትፈልጊ ብትከርሚ ብዙም አታገኚም። መርከቧ አሜሪካ ስትሠራ ስሟ «ኦርካ» ነበር፣ የባርኔጋት ክላስ የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ። እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ ወረደች፣ በ1962 ለእኛ ተሰጠች። «ባርኔጋት» ብለሽ ፈልጊ። በዚያው ፕላን የተሠሩ እህቶቿ ብዙ ናቸው፤ አንዷን ኖርዌይ «ሆኮን 7ኛ» ብላ ማሠልጠኛ አድርጋት ነበር። ቀፎው ያው ነው፤ መሣሪያውና የላዩ ፎቅ ግን ይለያያል። ቀፎውን ከፕላኑ ውሰጂ፣ የላዩን ከራሷ ከ«ኢትዮጵያ» ፎቶ ሥሪ። የጦርነት ጊዜዋን «ኦርካ» እንዳለች ገልብጠሽ የ«ኢትዮጵያ»ን ቁጥር «ኤ-01» ብትጽፊባት፣ እንደዚያ ያለች መርከብ ኖራ አታውቅም።

ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴልሽ 47 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 5 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በስኬልሽ ልክ አንድ ሜትር ነው። ፕላኑ ላይ በየአንድ ሜትር ከፍታው ያለውን ቅርጽ ከኮምፔርሳቶው ቁረጪ፣ አነባብረሽ በኮላ አጣብቂ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ። ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታይሻል፤ የደረጃው ውስጠኛ ጥግ ጋ ስትደርሺ አቁሚ፣ ትክክለኛው ቅርጽ እሱ ነው። ካለፍሽው በስቱኮ ስትሞይ ልትውዪ ነው።

ጥያቄ፦ የመርከቡን አጥር በ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሠራሁት፣ ግን አላማረኝም። ስኬሉ 1፡200 ነው።

መልስ፦ እንዴት ያምራል! በዚያ ስኬል 1 ሚሊ ሜትር ማለት 20 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቧንቧ ነው። መርከበኛው በምን እጁ ይይዘዋል? ከተበላሸ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ያለውን እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ ተጠቀም። ስኬል ርዝመት ብቻ አይደለም፣ ውፍረትም ነው። ሺህ ጊዜ ብያለሁ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ «ኢትዮጵያ» ምጽዋ ስትያዝ ሰምጣ የለም እንዴ?

ሌላ አባል፦ ኧረ የመን ነው የገባችው!

የመጀመሪያው፦ የሰመጠችውን ያየ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው፦ ያየው ሌላ መርከብ ይሆናላ።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የመን ገባች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቃ። ፖለቲካውን ሌላ ቦታ ውሰዱልን።

ጥያቄ፦ የመስኮቶቹ ፕላስቲክ ነጭ ጉም ለበሰብኝ፤ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የሱፐር ግሉ ጭስ። መስኮት በነጭ ኮላ ነው የሚጣበቀው።

ጥያቄ፦ ታይታኒክ፣ ፕላስቲክ፣ 1፡350። ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ 77 ሴንቲ ሜትር ናት፤ መጀመሪያ ማስቀመጫ ፈልግ። አራተኛው ጭስ ማውጫ ከቦይለሮቹ ጋር አልተያያዘም፣ በዋናነት ለአየር ማናፈሻ ነው። የከሰል ጥላሸት አትቀባው።

ጥያቄ፦ አጥሩን በምን ልሥራ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሞዴል ይሸጣሉ? ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ አልሸጥም።

ጥያቄ፦ የ«ኢትዮጵያ»ዋ ነኝ፣ ድጋሚ አስቸገርኩ። ግራጫውን ከቆርቆሮው እንዳለ ልቀባው?

መልስ፦ ምንም አላስቸገርሽም። ትንሽ ነጭ ጨምሪበት። ትልቅ መርከብ ከሩቅ ስትታይ ቀለሟ ፈዘዝ ይላል፣ ሞዴል ላይ እንዳለ ሲቀባ ግን ይጠቁራል። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ሞክሪና ፀሐይ ላይ እዪው፣ የቤት አምፖል ያታልላል። ቀፎው ሲያልቅ ፎቶ ላኪልኝ፣ ከፎቁ በፊት።