አምቡላንስ ላይ ልግባ ወይስ ሆስፒታል እስኪገኝ ልጠብቅ?

እህቴ፣ በነርሲንግ ዲግሪ ይዘሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። አንድ የአምቡላንስ አገልግሎት ነርስ ይፈልጋል ብለው ነግረውሻል። እናትሽ ግን «ይህን ሁሉ የተማርሽው መንገድ ላይ ከደም ጋር ለመሯሯጥ ነው?» ብለዋል። አንቺም እዚያ ከገባሁ ሆስፒታል መልሶ አይቀጥረኝም ብለሽ ሰግተሻል።

በዚህ እንኳ አትስጊ። ድንገተኛ ሕክምና እዚህ አገር ገና ወጣት ሙያ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህን ሙያ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለነርሶች በዚሁ መስክ ማስተርስ ይሰጣል። መንገድ ላይ የሠራሽው ነገር እዚያ ስታመለክቺ ይጠቅምሻል ባይ ነኝ።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዋርድ ውስጥ መብራት አለ፣ የምትጠይቂው ሲኒየር አለ። ሜክሲኮ አደባባይ በሞተር የተገጨ ልጅ ጋ ስትደርሺ ያለው ግን ሕዝብ ነው። አንዱ ውሃ ያጠጣዋል፣ አንዱ «ተነስ፣ ምንም አልሆንክም» ይለዋል፣ ሌሎቹ እጅና እግሩን ይዘው ላዳ ውስጥ ሊከቱት ነው። ክፋት የለባቸውም። አምቡላንስ ይዘገያል ብለው ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጓንትሽን እያጠለቅሽ ታዣለሽ፦ «አንተ፣ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ያዝልኝ! እናንተ መኪና አስቁሙ!» ሱሪውን በመቀስ ቀደሽ ቁስሉን ታያለሽ። ጎዝ አድርገሽ ትጫኛለሽ። ደሙ ካራሰው ሌላ ትደርቢበታለሽ እንጂ የመጀመሪያውን አታነሺም። የእግሩ ደም በዚህም አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ታስሪና ሰዓቱን ትጽፊያለሽ። ሰዓቱን እንዳትረሺ፤ የሚቀበልሽ ሐኪም ይፈልገዋል።

ዝምተኛ ከሆንሽ ይህ ይከብድሻል። ቢሆንም ይለመዳል። ስታዲየም አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ሄደሽ ጠይቂ። ዲግሪ አለኝ ብለሽ አትናቂው፤ እጅሽን ያፍታታልሻል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ደመወዙን ብቻ ጠይቀሽ አትውጪ። ከኋላ ከበሽተኛው ጋር ስንት ባለሙያ ይቀመጣል? አዳር ስትወጪ ሰርቪስ አለ? ሥራ ላይ ብትጎጂ ማን ያሳክምሻል? መልሱን ውሉ ላይ ፈልጊው። እናትሽን አሁን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ያግባባችኋል።

በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ፣ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ካልወሰድሽ ደግሞ ቅጥሩን ሳትጠብቂ ጀምሪው። የተለመደው ሦስት ዙር ነው፣ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጃል።