የሂሉክስን ፊት ከፍ ለማድረግ ምን ዕቃ ይገዛ?

ጥያቄ፦ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2012 ሥሪት የሆነ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ። በቡና ለቀማ ወቅት ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ቦንጋ ቡና አመላልስበታለሁ፤ በሌላው ጊዜ ባዶውን ነው የሚሄደው። ፊቱ ከኋላው ዝቅ ብሎ ስለሚታይና በዝናብ ጊዜ የመንገዱ ወገብ ሆዱን ስለሚነካው ከፍ ላስደርገው አስቤአለሁ። አንድ ጋራዥ ከፊት ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ የሚያደርግ ቀለበት)፣ ከኋላ ደግሞ በአክሱና በባሌስትራው (በተደራረበው የብረት ዝርግ ሞላ) መካከል የብረት ብሎክ እንዳስገባ መክሮኛል፤ ሌላው ሙሉ ኪት ግዛ ይለኛል። የቱ ይሻላል?
(አንባቢ፣ ከቦንጋ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የፊቱ ዝቅ ማለት ብልሽት አለመሆኑን ይወቁልኝ። ፋብሪካው ኋላውን ከፍ ያደረገው ጭነት ሲያርፍበት መኪናው አግድም እንዲቆም አስቦ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን ሳለ ፊቱን ከኋላው ጋር እኩል ካደረጉት፣ ቡናው በተጫነ ቀን አፍንጫው ወደ ሰማይ ያይና መብራቱ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ መሪውም ይቀልላል። መጠኑን መወሰን ያለበት የተጫነው መኪና ነው። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን፣ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ የተለመደውን ጭነት አድርገው በሜትር ይለኩና ይጻፉት። ባዶውን ሳለ ግራና ቀኙ ከተለያየ፣ ወይም ሲጫን ባሌስትራው ወደ ተቃራኒው ከጎበጠ፣ የሚያስፈልግዎ የደከመውን መለወጥ እንጂ ማንሻ መጨመር አይደለም።

ስፔሰር ርካሽ ነው፤ የደከመውን ሞላ ግን እንደደከመ ይተወዋል። በሂሉክስ የፊት አሞርዛተር የሚያርፈው ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው የታችኛው ክንድ መካከል ገደማ ስለሆነ፣ ከላዩ የሚገባው ቀለበት ውፍረት ጎማው ዘንድ ሲደርስ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ወፍራሙን መርጠው የሚገዙ ሰዎች ይህን አያስቡትም። ከፊት ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ከተነሣ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ማዕዘናቸው ይበዛና መጋጠሚያቸውን የሚሸፍነው የላስቲክ ልባስ ቶሎ ይቀደዳል፤ የላይኛው ክንድ መጋጠሚያም እንቅስቃሴው ጫፍ ላይ ይደርሳል። እኔ ብሆን ለ40 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ተስማምተው የተሠሩ ሞላና አሞርዛተር እገዛለሁ።

ከኋላ ብሎኩን አልመክርም። አክሱን ከባሌስትራው ስለሚያርቀው ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ አክሱ ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል፤ ሁለት ብሎክ መደራረብማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ባሌስትራ አምጥቶ መደረብም የተለመደ ነው፤ የደከመ ብረት ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ሻጩም አያውቀው። አዲስ ሲገዙ ለምን ያህል ቋሚ ጭነት እንደተሠራ ይጠይቁ። መኪናዎ ብዙውን ጊዜ ባዶ ስለሚሄድ መካከለኛው ይበቃዎታል፤ ለከባድ ጭነት የተሠራው ባዶውን ሲሄድ እያነጠረ ያስቸግራል። ጠንካራ ባሌስትራ የተፈቀደውን የጭነት መጠን እንደማይጨምርም አይርሱ፤ አክሱ፣ ፍሬኑና ሻንሲው ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ብዙ መካኒኮች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ከኋላ አክስ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን ክብደት እየለካ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ መኪናዎ ላይ ካለ፣ ኋላው ሲነሣ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ስለዚህ የዘንጉ ማሰሪያ በተነሣው ልክ እንዲስተካከል፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም እንዳይወጠሩ ቆመው ያሳዩ።

የመንገዱ ወገብ የሚነካው የኋላውን ዲፈረንሻል ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ አይረዳዎትም። ዲፈረንሻሉ ከአክሱ ጋር ስለሆነ ከፍ የሚለው በጎማ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ቢቀይሩ የጎማው ቁመት በ27 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያድግም ከሥር የሚያገኙት ግማሹን ነው።

ጥያቄ፦ ፒካፔን ከፍ ካስደረግኩ ወዲህ በአስፋልት ላይ መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አላይመንት ቢሠራም አልተስተካከለም።
(አንባቢ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ የተስተካከለልዎ የጎማዎቹ አፍንጫ (ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፊቱ ሲነሣ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር የሚባለው ማዕዘን ይቀንሳል፤ ካስተርን የሚለካ ማሽን ያለበት ጋራዥ ይሂዱና ከሥራው በኋላ የሁለቱንም ጎማ ልክ የሚያሳየውን ወረቀት ይጠይቁ። በታችኛው ክንድ ቡሎኖች ማስተካከያ ልኩ ካልመጣ፣ ለተነሣ መኪና የተሠራ የላይኛ ክንድ መግዛት ወይም ከፍታውን መቀነስ ይኖርብዎታል።