እረኛው ስለ ትሮል ከማን ሰማ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው የምንኖረው። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ በወሬና በዳይስ ታሪክ የሚያስኬድበት ጨዋታ ነው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ባለፈው ድልድይ ሥር ትሮል የሚባል ጭራቅ አስቀመጥኩባቸው። የአክስቴ ልጅ የሚጫወተው ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ እረኛ ሆኖ ነው። ትሮሉ ብቅ ከማለቱ ልጁ «ችቦ አቀብሉኝ!» አለ። «ትሮል በእሳት እንደሚመታ አንተ ታውቃለህ እንጂ እረኛው አያውቅም» ብዬ ከለከልኩት፤ ተኮራረፍን። ሌላም አለ። ለአንዷ ተጫዋች ብቻ በሹክሹክታ የነገርኳትን ምስጢር፣ እረኛው እዚያ ሳይኖር ልጁ ራሱ ሰምቶ ተጠቀመበት። ይሄ ማጭበርበር አይደለም?
*መሪዋ፣ ከጅማ*

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠየቅሽኝ። በትሮሉ ልጁ እውነት አለው። በሹክሹክታው ደግሞ እውነቱ ያንቺ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ትሮል ቁስሉ በራሱ የሚድን ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ፣ ተራው በደረሰ ቁጥር 10 የሕይወት ነጥብ ይመለስለታል። እሳት ወይም አሲድ ከነካው ግን በሚቀጥለው ተራው አይመለስለትም።

እስቲ እረኛውን አስቢው። ትሮል ባለበት አገር ከብት ሲያግድ ያደገ ሰው ነው። አንቺ ጅብ በቅርብ አይተሽ ላታውቂ ትችያለሽ፤ ጅብ እሳት ይፈራል ሲባል ግን ከልጅነትሽ ሰምተሻል። ማና ወርዶ ቡና ለቅሞ የማያውቅ የጅማ መርካቶ ልጅም የሚለቀመው ቀዩ ፍሬ መሆኑን ያውቃል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ አገሩ ነው ያስተማረው። እረኛው መጽሐፉን አላነበበም፤ እሳት ዳር ሲወራ ግን ለምን አይሰማም? እንዲያውም እረኛው ከአክስትሽ ልጅ የበለጠ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የትኛው ሣር ከብት እንደሚነፋ፣ ደመናው ዛሬ ይዘንብ እንደሆነ። ያንን ስትነግሪው «ተጫዋቹ አያውቅም» ብለሽ አትከለክይውም።

ደግሞ «እንደማታውቅ ሁን» ስትይው ምን እያደረግሽው እንደሆነ ልብ በይ። ልጁ ሦስት ተራ በዱላ ይመታና «በድንገት» ችቦ ያነሳል። ለምን ሦስት? ለምን አምስት አይሆንም? ያንን የሚወስነው የሚያውቀውን ይዞ ነው። ያወቀውን ነገር ከራሱ ሊያወጣው አይችልም። አብሮት ያለ ሰው እየሞተ እሱ ቁጥር ሲቆጥር መቀመጡ ለኔ ጨዋታ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ «እረኛው ይህን ከማን ሰማ?» ብለሽ ጠይቂው። «አጎቴ አንድ እጁን ያጣው በትሮል ነው» ካለሽ አንድ አዲስ ሰው አገኘሽ፤ ያ አጎት ነገ ታሪክሽ ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ካጠራጠረሽ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጣልና የእውቀት ነጥቡን ይደምርበት፤ በዚያው እትም ድምሩ ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 መድረስ አለበት። ትሮል በሞላበት አገር እኔ 10 ይበቃዋል እላለሁ። ምስጢር እንዲሆን ከፈለግሽ ደግሞ ትሮሉን ለውጪው፤ እሳት ሳይሆን ጨው የሚጎዳው ይሁን። ዓለሙን የምትፈጥሪው አንቺ ነሽ።

ይህን የምልሽ እኔም በዚሁ ሰው ስለጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት ሄርማታ፣ አንድ ልጅ ላይ በሰው ፊት «አንተ ይህን አታውቅም!» ብዬ ጮህኩበት። ዳይሶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ሦስት ቅዳሜ አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሹክሹክታው ግን ሌላ ነው። ያ ምስጢር የልጅቷ ነበር። መቼ እንደምትናገረው፣ ለማን እንደምትናገረው፣ ጭራሽ ትደብቀው እንደሆነ የምትወስነው እሷ ነበረች፤ የአክስትሽ ልጅ ያንን ነው የወሰደባት። ለብቻው ጠርተሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ጠረጴዛው ላይ አይሁን። ከእንግዲህም ምስጢርን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ስጪ፣ ወይም ቡናው እስኪቆላ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ተነጋገሩ።

ከዚሁ ጋር አንድ ልጨምርልሽ። አንዱ ወጥመድ ሲፈልግ ዳይሱ 2 ቢወጣና «ምንም የለም» ብትይ፣ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን፣ ፍለጋው እንዳልተሳካ፣ ሁሉም አይቷልና ሌላው ወዲያው «እኔም ልፈልግ» ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዳይስ አንቺው ጣዪ። እኔ የመሶብ ክዳን አቁሜ ከኋላው እጥላለሁ፤ ድምፁን ይሰማሉ፣ ቁጥሩን አያዩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር፣ የሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ሁለተኛ እትም ይህንን በሕግ ጽፎታል፤ አንዳንድ ሙከራዎችን መሪው በስውር ይጥላቸዋል። ሁሉንም ግን አትደብቂ፤ ዳይስ መጣል ደስ የሚለው ለራስ ሲጥሉት ነው።

ለአክስትሽ ልጅ ችቦውን መልሽለት። በሚመጣው ቅዳሜ ከዚያው ከድልድዩ ጀምሩ፤ ከመምታቱ በፊት ግን ስለ አጎቱ ጠይቂው።