ስም ሲያወጡላችሁ

ሥራ ዓለም ገና የገባችሁ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ክትፎአችሁን በልታችሁ በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ስትሉ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ቦታው ድሮ የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ኸርማን ሼፈር እዚያ ነው ለዋሽንግተን የተጫወተው። ቺካጎ ነው የተወለደው፤ ወላጆቹ ከጀርመን ስለመጡ ብቻ «ጀርመኒ ሼፈር» ተባለና ቀረ። ሰውዬው ቀልደኛ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ ጋር ሲጫወቱ ሁለተኛውን ቤዝ (ቤዝ ማለት ሯጩ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ የሚረግጠው ማረፊያ ነው) ሰረቀ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ያዘውና፣ ያሰበው ስላልሆነለት ተመልሶ ወደ አንደኛው ሮጠ፤ ኳስ ያዡ ተታሎ ወደ እሱ ቢወረውር ሦስተኛው ላይ የቆመው ጓደኛው ነጥብ ያስቆጥር ነበር። (ኋላ ሕጉ እንዲህ ያለውን ሩጫ ከለከለ።)

አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም ሼፈር «ከዛሬ ጀምሮ ሊበርቲ ሼፈር በሉኝ» አለ። አለቀ።

ቻርልስ ቤንደር ግን እንዲህ አልቀለለውም። በዚያው ዘመን ለፊላደልፊያ ኳስ ይወረውር የነበረ፣ የኦጂብዌ ሰው ነው። ያኔ ነባር አሜሪካዊ ተጫዋች ከሆንክ ስምህ «ቺፍ» (የጎሳ አለቃ) ነው፣ ምርጫ የለህም። ቤንደር ሜዳ ሲገባ ተመልካቹ የጦርነት ጩኸት እየጮኸ ያሾፍበታል። ፊርማ ሲጠይቁት «ቻርልስ ቤንደር» ብሎ ይፈርማል፤ ጋዜጣው በማግስቱ «ቺፍ» ብሎ ይጽፋል። የሼፈር መልክ ከሌላው ነጭ ጋር ይመሳሰላል፣ ስሙን እንደ ኮት ማውለቅ ይችል ነበር። ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው።

እናንተም ከቤንደር ወገን ናችሁ። ስለዚህ አለቃችሁ «ስምህ ረጅም ነው» ብሎ ሲያሳጥር፣ ወይ በአገራችሁ ስም ሲጠራችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ፈገግ ብላችሁ፣ ግን ተናገሩ። ስድስት ወር ካለፈ ደረታችሁ ላይ በሚንጠለጠለው መታወቂያ ላይ ሳይቀር ይታተማል፣ ከዚያ ማን ያስለቅቀዋል? ቴዎድሮስ ሆኖ «ቴዲ» መባል ደስ የሚለው ሰው ካለ ይባል፣ ምን ችግር አለው። ራሱ መርጦታላ።

ደግሞ እኛም አንታማም። የሥራ ባልደረባችንን «ህንዱ»፣ «ቻይናው» እያልን ዓመት እንጨርሳለን፤ በአማርኛ ስለሆነ የማይሰማ ይመስለናል። ነገ ሻይ ስትወጡ ስሙን ጠይቁት፣ እንዴት እንደሚጠራም አስደግሙት።