«ኧረ መላ መላ»ን 5 ከ10 ለሰጠኸው ወንድሜ፦ መጀመሪያ የትኛውን ቅጂ እንደሰማህ እንወቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በየወሩ አንድ አልበም መርጠን ከ10 ቁጥር በምንሰጥበት ቡድናችን ለዚህ ወር በተመረጠው የማሕሙድ አህመድ አልበም «ኧረ መላ መላ» ላይ 5 ሰጥተህ ምክንያትህን ዘርዝረሃል፤ ድራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ ይመታል፣ ሳክስፎን ጨርሶ አይሰማም፣ የድምፃዊው ድምፅም ከዘፈን ዘፈን ይለያያል። ከዚያም «የድሮ አልበም የሚመዘነው በጆሮ ነው ወይስ በናፍቆት?» ብለህ ጠየቅህ። በጆሮ ነው። ያንተም ጆሮ በትክክል ሰምቷል። ችግሩ ያለው እጅህ በገባው ቅጂ ላይ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ገንዘቤን አቃጥያለሁና አንተ እንዳትደግመው የማውቀውን ልንገርህ።

ከጥያቄህ ሥር የተሰጡትን መልሶች አይቻለሁ። «ጣዕም የለህም»፣ «የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል» ካሉት ሰዎች መካከል «የሰማኸው የትኛውን ነው?» ብሎ የጠየቀህ አንድም አልነበረም። ሁላችንም የሰማነው ነገር አንድ መሆኑን ሳናረጋግጥ በቁጥር መሰዳደባችን በጣም ያሳዝነኛል።

1. ማን እንደተጫወተው ሳታውቅ ቁጥር አትስጥ።

«ኧረ መላ መላ» እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የታተመ ሥራ ነው። ማሕሙድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፣ ሰላም ሥዩም በጊታር የሚታወቁበት፣ ከአባላቱም ብዙዎቹ በኋላ ሮሃ ባንድን የመሠረቱበት ማለት ነው። በዚህ ቅጂ ላይ ሳክስፎኑ ዳር ቆሞ የሚያጅብ መሣሪያ አይደለም። ማሕሙድ ስንኙን ሲጨርስ ተቀብሎ ይመልስለታል፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያስታውሰው በዚያች የሳክስፎን ዜማ ነው። ስለዚህ «ሳክስፎን የለም» ስትል ወዲያው ገባኝ። አንተ የገዛኸው ሲዲ እኔ የገዛሁት ሲዲ ነው፣ ወይም የእሱ ወንድም ነው።

የእኔን የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ሽፋኑ ላይ የማሕሙድ የወጣትነት ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «ኦሪጅናል» የሚል ቃል በደማቅ ቢጫ ተጽፏል። ዋጋው ከሌሎቹ ሲዲዎች በእጥፍ የሚበልጥ ነበር። ለምን ተወደደ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ከሸክላው በቀጥታ የተቀዳ ነው፣ ሌላ ቦታ አታገኘውም» አለኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ካረጀ ካሴት የተገለበጡ ነበሩ፤ ጭረት የለባቸውም፣ የካሴት የ«ሽሽ» ድምፅ ግን አለባቸው። ሸክላ ይንጫጫል፣ ካሴት «ሽሽ» ይላል፤ ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው «ከሸክላ ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ አይገባም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግን የባሰ ነው። ድራሙ የኪቦርድ ሆነ፣ የሳክስፎኑም ዜማ በኪቦርድ ተተካ፣ የሚዘፍነውም ማሕሙድን ለማስመሰል የሚታገል ሌላ ሰው ነበር። እኔ ማሕሙድን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ድምፁን የት እንደሚያርገበግብ፣ ትንፋሹን የት ላይ እንደሚሰበስብ አውቃለሁ። እኔን ማታለል አይቻልም።

በማግስቱ ሲዲውን ይዤ ተመለስኩ። የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በተከታታይ ቅጾች የሚወጣበትን የኢትዮፒክስን 7ኛ ቅጽም ይዤ ሄድኩ፤ «ኧረ መላ መላ 1975» ተብሎ የወጣው ነው። ሁለቱን አስከትሎ እንዲያሰማ ለመንኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት «አባቴ፣ ልጁ የጠየቀህን አድርግለት፣ እኛም እንስማ» ሲሉት ግን ከፈተው። ሁሉም ሰማ። አዛውንቱ ገና ሳክስፎኑ ሲገባ «ይኸ ነው ማሕሙድ» ብለው ወደኔ ዞሩ። ሻጩ ምን አለ? «ሲዲ ከተከፈተ አይመለስም። ነፃ መስማት ከፈለግህ ዩቲዩብ አለልህ።» ደረሰኝ ስላልያዝኩም ከእሱ መግዛቴን እንደማያውቅ ተናገረ፤ በገዛሁ ዕለት ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ያለኝ እሱ ራሱ ነው! ገንዘቤን አልመለሰም። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝም ከብሩ ይልቅ የማሕሙድን ፎቶ ለጥፎ የሌላ ሰው ጉሮሮ መሸጡ ነው።

ይህ ለምን አንተን ይመለከትሃል? እኔ ይህን ሲዲ በገዛሁበት ጊዜ በቡድናችን ያው አልበም ለምዘና ቀርቦ ነበር። አማካይ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ዝቅተኛ ቁጥር ለሰጡት አባላት በግል ጻፍኩላቸውና የሰሙትን ቅንጫቢ እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ የላኩልኝ ያንኑ የኪቦርድ ድራም ነበር። ምዘናው እንዲደገም ስጠይቅ በመጀመሪያ «ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አይሰረዝም» ተባልኩ። አልተውኩም፤ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ላክሁላቸው። ተደገመ፣ አልበሙም የዚያ ወር አንደኛ ሆነ። እኔ 9 ነው የሰጠሁት፣ ዛሬም 9 እሰጠዋለሁ። ይህን በማድረጌ እኮራለሁ።

እንግዲህ ቅጂ ስትፈልግ ሽፋኑ ላይ የአጃቢው ባንድ ስም፣ የአሳታሚው ስምና ዓመቱ መኖራቸውን እይ። ሦስቱም ከሌሉ ገንዘብህን ያዝ። በ1986 የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን በአውሮፓ አሳትሞታል፤ ማሕሙድን ከአገር ውጭ ያስተዋወቀውም ይኸው እትም ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ቅጽ አለ። ከሁለቱ አንዱን ብታገኝ አትጸጸትም።

2. ዓመተ ምሕረቱን አስተካክል።

የእኛ ሸክላና ካሴት በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የውጭ እትሞች በፈረንጆቹ። ብዙ አባላት 1967 የሚለውን አይተው በፈረንጆቹ 1967 የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ከዚያም «ለዘመኑ ተራማጅ ነው» ብለው ቁጥር ይጨምራሉ። የእኛ 1967 ግን የእነርሱ 1974 እና 1975 ነው፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ የገባበት ጊዜ። በፈረንጆቹ 1967 አምሐ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሐ ሪከርድስን ገና አልጀመረም፤ የጀመረው በ1969 ነው። ሰባት ስምንት ዓመት በዚያ ዘመን ሙዚቃ ውስጥ ብዙ ነው፤ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ከነበራቸው ድምፅ ወደ ሆቴል ባንዶች የተሻገርንበት ጊዜ ነው።

3. ስብስብን ከአልበም ለይ።

በዚህ ላይ ከቡድኑ ነባር አባላት ጋር ሳይቀር ተጣልቻለሁ። የኢትዮፒክስ 4ኛ ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ «ምርጥ አልበም» ነው ይላሉ። ግሩም ሙዚቃ ነው፣ አልክድም፤ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሥራዎች ካስገባ ወዲህ ዓለምም አውቆታል። ነገር ግን ከ1969 እስከ 1974 ከተቀረጹ ሥራዎች ውስጥ ፋልሴቶ መርጦ፣ በራሱ ቅደም ተከተል የደረደረው ነው። ሙላቱ ራሱ እንደ አልበም አስቦ በ1972 ኒው ዮርክ የቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለአንዱም ፍትሕ አይሆንም። በስብስብ ላይ ደካማ ዘፈን አይኖርም፣ ሰው መርጦታልና። አልበም ግን የተነሣበት፣ የሚያርፍበትና የሚደክምበት ቦታ አለው፤ የሚመዘነውም በዚያ ነው።

ደግሞ አስታውስ፣ በዚያ ዘመን ዋናው መሸጫ ነጠላ ሸክላ ነበር፤ በፊቱ አንድ፣ በጀርባው አንድ ዘፈን። አምሐ ሪከርድስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አሳትሞ ትልልቁ ሸክላ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ «ዘፈኖቹ አይያያዙም» የሚለው ወቀሳ ለእነዚህ ሥራዎች ብዙ ጊዜ አይገባም። ለየብቻቸው እንዲሰሙ ነው የተሠሩት።

የኪቦርድ ድራምን ስላወገዝኩ ግን ማሽን ሁሉ መጥፎ ነው ያልኩ እንዳይመስልህ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣውን «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ካሴት ሰምተኸዋል? ብቻውን ነው የሠራው፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን። አንድ አባል «ድራሙ ማሽን ስለሆነ 4» ሲለው ሌሊቱን ሙሉ ነው የተከራከርኩት። እዚያ ላይ ማሽኑ የሙዚቀኛው ምርጫ ነው፤ ዝግ ብሎ ስለሚመታ አኮርዲዮኑ እንደ ልቡ ይዘረጋል። ያ ካሴት ለዓመታት ተረስቶ ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። እኛ 4 የምንሰጠውን ሌላው ዓለም ተሰልፎ ገዛው፣ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህን ስጽፍ ደስታም ቁጭትም ነው የሚሰማኝ።

ሌላው የረሳሁት ፍጥነቱ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ የአንዱ ማጫወቻ ሞተር ከሌላው ከፈጠነ ድምፁ ይቀጥናል፣ ዘፈኑም ይቸኩላል። ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑትም ሆን ብለው ፍጥነቱን ይለውጡታል፣ ባለመብቱ እንዳይደርስባቸው። የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ «ቀጭን ነው» ብሎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ። የጥላሁንን! ድምፁ ያልተለመደ ከመሰለህ ያንኑ ዘፈን ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያይ፤ ርዝመቱ ብቻ ብዙ ይነግርሃል።

አዲሶቹም ላይ ቢሆን በምን እንደምትሰማ አስብ። የእጅጋየሁ ሽባባው በ2001 የወጣው «ጂጂ» አዘጋጁ ቢል ላስዌል ነው፤ ራሱ የቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ሙዚቃውን ያቆመው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። ይህን በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሰማኸው የስልኩ ማጉያ ያንን ቤዝ ማውጣት ስለማይችል ግማሹ ሙዚቃ የለም። «ባዶ ባዶ ይላል» የሚሉት ሰዎች ምን ላይ እንደሰሙት ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ለእኔ 10 ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ስለ ወደፊቱ ወር ደግሞ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» መመረጡን አይተሃል። በ1977 የወጣ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ፣ ሙላቱም በእንግድነት ቫይብራፎን ይዞ አለበት። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለውም እዚሁ ነው። ከ2014ቱ ዳግም እትም ውጭ ሌላ ነገር ገዝተህ አትመዝን። ዘፋኝ የለም ብለህም አትቸኩል፤ መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከትለህ ስማ፣ ቀጥሎ ኦርጋኑን፣ በመጨረሻ ሙሉውን። የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሕዝቡ ከሆቴሉ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹ እስኪነጋ የሚጫወቱበት ዘመን ነበር፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በእርስ የሚደማመጡት በዚያ ሁሉ ሌሊት አብረው ስለቆሙ ነው፣ ይህም ይሰማል።

እስከዚያው የ5ቱን ቁጥር ከሰንጠረዡ ላይ እንዲያነሡልህ ጠይቅ፤ እንቢ ካሉህ ለእኔ ጻፍልኝ፣ አብሬህ እከራከራለሁ። የሲዲውንም ሽፋን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ቢጫው ጽሑፍ ካለበት የ7ኛውን ቅጽ እኔ አውስሃለሁ፤ ጭረት እንዳታስገባበት ብቻ።