ማክቤዝን ያጠፋው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» አንብቤ ከጨረስሁ ወዲህ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። ጀግናውን ለጥፋት የዳረጉት የጠንቋዮቹ ትንቢትና የሚስቱ ጉትጎታ ናቸው ወይስ የራሱ የሥልጣን ጥም? የወደቀው ተገፍቶ ከሆነ ጥፋተኛ ልንለው ይገባናልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማክቤዝ በእርግጥ ተገፍቷል፤ የተገፋው ግን አስቀድሞ ልቡ ወደ ሸፈተበት አቅጣጫ ነው። ጠንቋዮቹ ንጉሥ እንደሚሆን ነገሩት እንጂ ግደል አላሉትም። አብሮት የነበረው ባንኮም ዘሮቹ እንደሚነግሡ ተነግሮታል፤ እርሱ ግን የጨለማ ኃይሎች በጥቃቅን እውነት አባብለው በትልቁ ጉዳይ እንደሚከዱ ያስጠነቅቃል። ማክቤዝ በበኩሉ ትንቢቱን በሰማበት ቅጽበት የግድያ ሐሳብ ውል ብሎበት ጸጉሩ ይቆማል።

የሚስቱ ድርሻ ከጠንቋዮቹ ይከብዳል። በመጀመሪያው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት ማክቤዝ ብቻውን ሆኖ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ሊገድለው ያሰበው ደንከን ዘመዱ፣ ንጉሡና በቤቱ የሚያድር እንግዳው እንደሆነ ይቆጥራል፤ ለግድያው የሚያነሣሣው ከልክ አልፎ የሚዘል ምኞት ብቻ መሆኑንም በገዛ አንደበቱ ያምናል። (የታሪኩ ማክቤዝ ስኮትላንድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1040 እስከ 1057 የገዛ ሲሆን፣ ደንከንን ያሸነፈው በውጊያ ነበር። ሼክስፒር ሟቹን የተኛ እንግዳ በማድረጉ ወንጀሉን እጅግ አክብዶታል።) ከዚያም ማክቤዝ ሚስቱን ነገሩን እንተወው ይላታል። እርሷ ስለ ትክክልና ስሕተት አትከራከረውም፤ የምትነካው ወንድነቱን ነው። በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተመሰገነው ሰው ፈሪ መባልን መሸከም ያቅተዋል። ከቴአትሩ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ቦታ ነው፤ ሕሊናው የሰጠው ትክክለኛ ፍርድ ጥቂት የንቀት ቃላትን እንኳ መቋቋም ሳይችል ቀርቷልና።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ልብ ይበሉ። ባንኮን ሊያስገድል ሲያሤር ለሚስቱ ይሸሽጋታል፤ ነገሩ እስኪፈጸም ባታውቅ ይሻላል ይላታል። በአራተኛው ገቢር ጠንቋዮቹን ፈልጎ የሚሄደው እርሱ ራሱ ነው። መስፍኑ ማክደፍ ወደ እንግሊዝ መሸሹን ሲሰማ ደግሞ ማንም ሳይመክረው ምንም ያልበደሉትን የሰውየውን ሚስትና ልጆች ያስፈጃል። የሌሎች ግፊት እየቀነሰ በሄደ ቁጥር የሚያፈሰው ደም ይበዛልና፣ ጥፋተኛ ነው ለማለት አላመነታም።

ቢሆንም አዝንለታለሁ። በአምስተኛው ገቢር ያቺ በዘውዱ ተስፋ ያነሣሣችው ሚስቱ መሞቷን ሲነግሩት፣ የሚያለቅስበት ልብ እንኳ አልቀረውም።