እሳቱ ለኩሶ ወዲያው የሚጠፋ የቤት ማሞቂያ

ጥያቄው የደረሰኝ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ «በረዶ ከጣለ ወዲህ የምድር ቤቱ የጋዝ ማሞቂያ አልነሣ አለን። ቴርሞስታቱን ከፍ ሳደርገው ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። ቀጥሎ በትንሿ መስታወት በኩል ቀይ ብርሃን ይታየኛል፣ እሳቱም ይለኮሳል። ነገር ግን እስከ አምስት ሳልቆጥር ይጠፋል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ዝም ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ያንኑ ይደግማል። የመጣው ሠራተኛ ቦርዱ ተበላሽቷልና ይቀየር ብሎኝ ሄደ። ልጆችና አሮጊት እናቴ ቤት ውስጥ አሉ፤ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቦርዱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ለመግዛት አይቸኩሉ። ያዩትንና የሰሙትን በቅደም ተከተል ስለጻፉልኝ፣ ችግሩ የት እንዳለ ከሞላ ጎደል ነግረውኛል።

የዛሬ ጊዜ የጋዝ ማሞቂያ ሥራውን የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው። አንዱ መፈጸሙን ሳያረጋግጥ ወደ ሌላው አያልፍም። መጀመሪያ ቴርሞስታቱ ሙቀት ይጠይቃል። ጭሱን ወደ ውጭ የምትገፋው ትንሿ ማራገቢያ ትነሣለች፤ እርስዎ የሰሙት ማጉረምረም የእርሷ ነው። አየሩ በትክክል መሳቡን የግፊት ስዊች የሚባለው ክፍል ሲያረጋግጥ ማቀጣጠያው ይግላል፤ ቀይ ብርሃን ያዩት ይህን ነው። ከዚያ የጋዙ ቫልቭ ይከፈትና እሳቱ ይያያዛል። ቦርዱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ «እሳቱ በእርግጥ ነድዷል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ገደማ ትልቁ ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ ይለቃል። መልስ ካላገኘ ጋዙን ይዘጋል።

የእርስዎ ማሽን የሚቆመው ልክ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እሳቱ አለ፣ ቦርዱ ግን አላየውም። ቦርዱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ደረጃ እየጠበቀ እዚህ ድረስ መድረሱ፣ ጋዙንም በሰዓቱ መዝጋቱ እምብዛም አይጠበቅም ነበር። እንደ እኔ ግምት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ያልተቃጠለ ጋዝ ቤትዎ ውስጥ እንዳይጠራቀም እየጠበቀዎ ነው።

ለቦርዱ መልስ የምትሰጠው ፍሌም ሰንሰር የምትባል ከእርሳስ የቀጠነች የብረት ዘንግ ናት። ከነጭ ሸክላ መያዣ ወጥታ ጫፏ ነበልባሉ ውስጥ ይገባል። ነበልባል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና በዘንጓ በኩል እጅግ ትንሽ ጅረት ይፈስሳል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ማይክሮአምፕ (የአምፕ ሚሊዮንኛ) ቢሆን ነው። ይህን ያህል ያነሰ ጅረት ለማገድ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይበቃል። ዘንጓ ዓመት ከዓመት እሳት ውስጥ ስትቀመጥ እንዲህ ያለ ሽፋን ይይዛታል፤ አቧራና የጽዳት ፈሳሾች ትነት ደግሞ ያፋጥኑታል። እኔ ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤት ቦርድ ቀይሬ፣ አዲሱ ቦርድም እንደ አሮጌው ለኩሶ ሲያጠፋ ቆሜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የዘንጓ ነበር። የቤቱን ባለቤት ገንዘብ መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ይህችን ዘንግ ሳላጸዳ ስለ ቦርድ አላወራም።

ማጽዳቱን እጅዎ ካልፈራ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ቴርሞስታቱን ያጥፉ፤ ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ማብሪያ፣ ከዚያም ብሬከሩን ይዝጉ። የማሽኑን በር አውጥተው በእሳት መውጫዎቹ በኩል ይመልከቱ። አንድ ሽቦ ብቻ የተሰካባት ዘንግ እርሷ ናት። ሁለት ሽቦ ያለው ማቀጣጠያው ነው፤ እርሱን አይንኩት፤ ብዙዎቹ እንደ ጠመኔ ስብር ይላሉ። ሽቦዋን በቀስታ ይንቀሉ፣ የያዛትን አንድ ብሎን ይፍቱና ዘንጓን ያውጡ። በደቃቅ የብረት ሱፍ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሻካራ ፊት፣ ደረቁን፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይሹት። ብርጭቆ ወረቀት አልመክርም፤ ብረቱን ይቧጭራል፣ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ የጸዳውን ብረት በጣት ሳይነኩ ይመልሷት። በሩን ሲገጥሙ አጥብቀው ይግፉት፤ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ማብሪያ ካልተጫነች ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም።

እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ጸንቶ ትልቁ ማራገቢያ ከተነሣ ችግሩ ተፈታ። ያንኑ ከደገመ ግን ደጋግመው አያስነሡት። ብዙዎቹ ማሽኖች ደጋግመው ሲከሽፍባቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ራሳቸውን የሚቆልፉት በምክንያት ነው፤ እያጠፉ ማብራት ያን ጥበቃ ማፍረስ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች ማሽናቸው በሌላ ደረጃ ላይ ሊቆምባቸው ይችላል። ምንም ድምፅ ከሌለ የቴርሞስታቱን ባትሪ፣ ብሬከሩን፣ በቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ መኪና ፊውዝ ያለች የ3 ወይም የ5 አምፕ ፊውዝ ይዩ። ትንሿ ማራገቢያ እየዞረች ማቀጣጠያው ካልጋለ፣ በተለይ በረዶ በጣለ ማግስት፣ ወደ ውጭ ይውጡ። ከግድግዳው የወጡት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች በረዶ ተቆልሎባቸው ከሆነ ጥረጉላቸው። ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ የሚወርድባት ቱቦ ስትደፈንም ምልክቱ ያው ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያፈነው የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ (ፊልተር) ነው። ቦርዱ ላይ የምትብለጨለጭ መብራት አለች፤ ስንት ጊዜ እንደምትበራ ቆጥረው በበሩ ውስጠኛ ገጽ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ።

ማሽኑ እስኪጠገን ቤቱን ስለ ማሞቅ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ለቡና የምናቀጣጥለውን ከሰል ለሙቀት ብላችሁ ዝግ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። የምግብ ማብሰያውን ምድጃም ከፍታችሁ አትተዉ። ከእነዚህ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል፤ የመኝታ ቤት መስኮትን መክፈትም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። በየፎቁ፣ በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ የዚህ ጋዝ መርማሪ መሣሪያ መኖሩንና ባትሪው መሥራቱን ዛሬውኑ ይፈትሹ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከተጠቀሙ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ያህል ያርቁት። እናትዎንና ልጆቹን አንድ ክፍል ያሰባስቡ። ቤቱ በጣም ከቀዘቀዘ የውሃ ቱቦ እንዳይፈነዳ ቧንቧውን በጥቂቱ እያንጠባጠበ ይተዉት።

የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተተዎ ይህ ሁሉ ምክር ይቅር። መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም ሁሉንም ይዘው ይውጡ፣ ስልኩንም ከውጭ ሆነው ይደውሉ።

ዘንጓ ጸድታም እሳቱ ካልጸና ሌላ ባለሙያ ይጥሩና ማይክሮአምፑን በፊትዎ እንዲለካ ይጠይቁት። ቁጥሩ ዝቅ ካለ፣ የላላ ወይም የዛገ የመሬት ሽቦ፣ የተሰነጠቀ የሸክላ መያዣ፣ ወይም በቆሻሻ የደከመ እሳት መውጫ እንዳለ ይፈልግ። ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ቦርዱ አሁንም ጋዙን ከዘጋ፣ ቦርዱን መቀየር ያን ጊዜ ተገቢ ነው።